የአዲስ ዓመት ዕቅድ ወር ሳይሞላው እንዳይፈርስ እንዴት ይዋቀር?

ባዶ_ገጽ

ሰላም ለሁላችሁ። አዲሱ ዓመት ሊገባ ሦስት ሳምንት ቀርቶታል። ዝርዝሩ ይኸው፦ ሌሊት 11 ሰዓት መነሳት (አሁን የምነሳው ጠዋት 1 ሰዓት ተኩል ነው)፣ በየቀኑ አንድ ሰዓት ስፖርት፣ በወር ሁለት መጽሐፍ፣ ስልክ ላይ የሚጠፋውን ጊዜ መቀነስ፣ ሲጋራ ማቆም (በቀን 12 ገደማ ነው)።

«ወስን እንጂ!»፣ «ቆራጥ ሁን!» የሚለውን እለፉኝ፤ ውሳኔውማ አለ። የማውቀው ሰው እንዲህ አደረገ የሚለውም ይቆየኝ። የቸገረኝ አሠራሩ ነው። አምስቱ ባንድ ቀን ይጀመሩ ወይስ በተራ? በተራ ከሆነ የትኛው ይቅደም? «21 ቀን ከጸናህ ልማድ ይሆናል» የሚባለው እውነት ነው? አንድ ቀን ሲዘለል ከዜሮ ይቆጠራል? መከታተያ አፕስ ይጠቅማል?

ስንዝር

ሁሉን አማረሽን ገበያ አታውጧት ይባላል። አምስቱን ባንድ ጠዋት መጀመር እንደዚያው ነው። ችግሩ ግን የብዛቱ ብቻ አይደለም፤ ነገሮቹ እርስ በርስ ይነካካሉ። ሲጋራ ማቆም የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት እንቅልፍ ያውካል። መነሻ ሰዓት መለወጥም እንቅልፍ ያጎድላል። ሁለቱ ባንድ ሳምንት ከገቡ በአምስተኛው ቀን የተናደደ፣ ያልተኛና ሲጋራ የሚያምረው ሰው ይቀራል፤ እሱ ደግሞ ስፖርት አይሠራም። ስለዚህ በተራ።

ስለ 21 ቀኑ፦ ነገሩ የመጣው ከአንድ የፕላስቲክ ቀዶ ሕክምና ሐኪም ነው። እ.ኤ.አ. በ1960 ባሳተመው መጽሐፍ፣ ታካሚዎች አዲሱን መልካቸውን ለመልመድ ቢያንስ 21 ቀን ገደማ እንደሚፈጅባቸው ጻፈ። ከዚያ ወዲህ «ቢያንስ» የምትለዋ ቃል መንገድ ላይ ወደቀች፣ መልክ የነበረውም ልማድ ሆነ። በትክክል የተለካው በለንደን ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ነው። ፊሊፓ ላሊና ባልደረቦቿ 96 ሰዎችን ለ12 ሳምንት ተከታትለው እ.ኤ.አ. በ2010 ባወጡት ጥናት፣ አንድ ድርጊት ሳይታሰብበት የሚደረግበት ደረጃ ላይ ለመድረስ የወሰደው መካከለኛ ጊዜ 66 ቀን ነበር። ከሰው ሰው ግን ከ18 እስከ 254 ቀን ተለያይቷል። (ጥናቱ የቆየው 84 ቀን ስለሆነ ትልቁ ቁጥር በስሌት የተገመተ ነው።) ውሃ መጠጣትን የመሰለው ቀላል ነገር ቶሎ ይለመዳል፣ ስፖርት ይዘገያል። ጥያቄህን የሚነካው ሌላው ግኝት፣ አንድ ቀን መዝለል የልማዱን አካሄድ ይህ ነው በሚባል ደረጃ አለማደናቀፉ ነው። ስለዚህ ከዜሮ አይቆጠርም።

ዕቅዱ የሚጻፍበት መልክ ከዕቅዱ ይልቅ ወሳኝ ነው። ፒተር ጎልዊትዘር የተባለው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ያጠናው አጻጻፍ እንዲህ ይመስላል፦ «ይህ ሲሆን፣ ያንን አደርጋለሁ።» ቀላል ይመስላል፤ ሰው የሚሳሳተው ግን «ይህ ሲሆን» የሚለው ላይ ነው። «ከሥራ ስመለስ» መነሻ አይሆንም፤ ከሥራ መመለስ ግማሽ ሰዓት የሚፈጅ ነገር ነው፣ የቱ ደቂቃ ላይ እንደሆነ አእምሮ አያውቀውም። «የቤቱን ቁልፍ ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጥኩ» ግን መነሻ ነው። ጥሩ መነሻ የሚባለው በየቀኑ ሳይጎድል የሚሆን፣ የሚያልቅበት ቅጽበት የሚታወቅና አዲሱ ድርጊት በሚደረግበት ቦታ የሚሆን ነው። ጥርስ መቦረሽ ሦስቱንም ያሟላል። «ጊዜ ሳገኝ» አንዱንም አያሟላም።

ከዚያ መጠኑ። ለእያንዳንዱ ሁለት ቁጥር ጻፍ፤ ወለልና ጣሪያ። ወለሉ በታመምክበት፣ በመሸብህ፣ እንግዳ በመጣበት ቀን እንኳ የሚደረግ ነው። ለምሳሌ አንድ ገጽ ማንበብ። ጣሪያው ደግሞ ሞቅ ባለህ ቀን እንዳታልፈው የተቀመጠ ነው፤ ለምሳሌ 20 ገጽ። ሰው ሁሉ ወለሉን ይቀበላል፣ ጣሪያውን ይንቃል። በሦስተኛው ቀን 80 ገጽ ያነበበ ሰው በአራተኛው ቀን 10 ገጽ ሽንፈት ይመስለዋል፤ ብዙው ዕቅድ የሚሞተው እዚህ ነው።

ንባቡ ላይ ሒሳቡን አሁኑኑ ሥራው። ሁለት ባለ 300 ገጽ መጽሐፍ በወር ማለት በቀን 20 ገጽ ነው። ሰዓት ይዘህ አምስት ገጽ አንብብና ደቂቃውን በአራት አባዛ። 20 ገጽ 50 ደቂቃ የሚፈጅብህ ከሆነና ያ 50 ደቂቃ ከየት እንደሚመጣ ካላወቅህ፣ ግቡ በወር አንድ መጽሐፍ ይሁን።

ንጋት_ላይ

ስለ 11 ሰዓቱ ልጻፍ፤ ከአምስቱ በብዛት በተሳሳተ መንገድ የሚሞከረው እሱ ነው።

መጀመሪያ ወደ ኋላ ቁጠር። አዋቂ ሰው ቢያንስ 7 ሰዓት እንቅልፍ ያስፈልገዋል። ሌሊት 11 ሰዓት ለመነሳት ማታ 4 ሰዓት ላይ መተኛት አይበቃም፤ እንቅልፍ የወሰደህ መሆን አለበት። ስለዚህ አልጋ ውስጥ የምትገባው 3 ሰዓት ከ40 ላይ ነው። የማታ ሥራህ፣ ቤተሰብህ፣ መንገድህ ይህን ካልፈቀደ ግቡን ወደ 12 ሰዓት አውርደው። አምስት ሰዓት ተኝቶ 11 ሰዓት መነሳት ማለዳ መነሳት አይባልም፤ ዕዳ መግባት ነው።

ሁለተኛ፣ ባንዴ አትዝለል። ከ1 ሰዓት ተኩል እስከ 11 ሰዓት 150 ደቂቃ ነው። 15 ደቂቃ 15 ደቂቃ ብትቀንስ 10 እርከን ይሆናል። እያንዳንዱ እርከን ላይ ሦስት ወይም አራት ቀን ስትቆይ በጠቅላላው ከ30 እስከ 40 ቀን ይፈጃል። ይህ ትዕግሥት ለማስተማር አይደለም፤ ምክንያቱ ብርሃን ነው። የሰውነት ሰዓት ብርሃንን የሚያነበው እንደ ሰዓቱ ነው። የሰውነት ሙቀት ሌሊት ዝቅተኛው ቦታ ላይ የሚደርሰው ከተለመደው መንቂያ ሁለትና ሦስት ሰዓት አስቀድሞ ነው። ከዚያ ነጥብ በኋላ የሚታይ ብርሃን ሰዓቱን ወደፊት ያመጣዋል፣ በማግሥቱ ቀድመህ ትነቃለህ። ከዚያ በፊት የሚታየው ግን ወደ ኋላ ይገፋዋል። አሁን 1 ሰዓት ተኩል የሚነሳ ሰው ነጥቡ ያለው 11 ሰዓት አካባቢ ነው። በመጀመሪያው ቀን 11 ሰዓት ላይ ተነስቶ ደማቅ መብራት ሥር ቢቀመጥ የፈለገውን ተቃራኒ ሊያደርግ ይችላል። በ15 ደቂቃ ስትቀንስ ነጥቡም አብሮህ ይመጣል።

የዕለቱ አሠራር እንዲህ ነው፦ እንደተነሳህ በግማሽ ሰዓት ውስጥ ውጭ ወጥተህ ከ10 እስከ 20 ደቂቃ ቆይ። ደመና ቢሆንም ከቤት መብራት በብዙ እጥፍ ይበልጣል። ገና ጨለማ ከሆነ ሲነጋ ውጣ። ማታ ከመኝታ ሁለት ሰዓት በፊት የጣሪያ መብራት አጥፋና አነስተኛ መብራት ተጠቀም። ካፌን (ቡናና ሻይ ውስጥ ያለው የሚያነቃው ንጥረ ነገር) በሰውነት ውስጥ በግማሽ ለመቀነስ አምስት ሰዓት ገደማ ይፈጅበታል፤ ማታ 4 ሰዓት ለሚተኛ ሰው የመጨረሻው ቡና ወይም ሻይ ከ8 ሰዓት ቀትር አይለፍ። አልጋ ላይ 20 ደቂቃ ያህል ተጋድመህ እንቅልፍ እምቢ ካለ ተነሳና ደብዘዝ ባለ ብርሃን ቆይተህ እንቅልፍ ሲመጣ ተመለስ። እዚያው መገላበጥ አልጋውን የመገላበጫ ቦታ አድርጎ ያስለምዳል።

አላርም አንድ ብቻ፣ ተነስተህ ካልሄድክ በማትደርስበት ቦታ። አምስት አላርም የሚሞላ ሰው አራቱን ለመናቅ እየተለማመደ ነው።

ይህን ሁሉ የሚያፈርሰው ደግሞ የእረፍት ቀን ነው። ቅዳሜና እሁድ ሁለት ሰዓት ጨምሮ የተኛ ሰው ሰዓቱን ወደ ኋላ ገፍቶታል፤ ሰኞ የማይነሳው ሰነፍ ስለሆነ አይደለም። በእረፍት ቀን ልዩነቱ ከ30 ደቂቃ አይብለጥ። እንቅልፍ ካነሰህ ከ9 ሰዓት በፊት 20 ደቂቃ አሸልብ።

አስር_ደቂቃ

«በየቀኑ አንድ ሰዓት» የሚለውን ሰርዘው። በሳምንት 420 ደቂቃ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2020 ያወጣው መመሪያ ለአዋቂዎች በሳምንት ከ150 እስከ 300 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ፣ በተጨማሪም በሳምንት ቢያንስ ሁለት ቀን ጡንቻ የሚያጠነክር ሥራ ይላል። ከዜሮ ተነስቶ ከመመሪያው ጣሪያ በላይ መጀመር ምን ይባላል?

በሳምንት አምስት ቀን ፈጠን ያለ እርምጃ። አንደኛና ሁለተኛ ሳምንት 10 ደቂቃ፣ ከዚያ በየሁለት ሳምንቱ 5 ደቂቃ ጨምር። በዘጠነኛው ሳምንት 30 ደቂቃ ላይ ነህ፤ 30 በ5 ሲባዛ 150። ፍጥነቱን የምታውቀው እየሄድክ ማውራት ስትችል፣ መዝፈን ግን ሲያቅትህ ነው።

ለምን ቀስ ተባለ? ሳንባና ልብ በሁለትና በሦስት ሳምንት ውስጥ ለውጥ ያሳያሉ፣ ጅማት ግን ብዙ ወራት ይፈልጋል። በሦስተኛው ሳምንት ትንፋሽህ «እችላለሁ» ይልሃል፤ ትጨምራለህ፤ በአምስተኛው ሳምንት ቅልጥምህ ወይም ተረከዝህ ያምሃል፤ አቆምክ። ከስፖርት ማግሥት ጀምሮ እስከ ሦስት ቀን የሚቆይ የጡንቻ መድቀቅ ጤነኛ ነው። በጣት ልታሳየው የምትችል አንድ ነጥብ ላይ ያለ ሕመም፣ በተለይ አጥንትና መገጣጠሚያ ላይ ከሆነ፣ ጤነኛ አይደለም፤ እረፍት ውሰድ። ስትንቀሳቀስ ደረትህን ካጨነቀህ ወይም ካዞረህ ሐኪም ይቅደም።

የጡንቻው ሥራ ዕቃ አይፈልግም፦ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ፣ ግድግዳ ተደግፎ ፑሽ አፕ፣ በጀርባ ተኝቶ ዳሌ ማንሳት። እያንዳንዱን ከ8 እስከ 12 ጊዜ፣ ሁለት ዙር። ገና ሁለት ሦስት መጨመር እየቻልክ አቁም።

ባዶ_ገጽ

እጅግ አመሰግናለሁ። እህቴ ንጋት፣ የብርሃኑን ነገር ሰምቼው አላውቅም ነበር። ከተራው ላይ ሲጋራው የት እንደሚገባ አልገባኝም። ቀስ በቀስ ልቀንስ ወይስ ባንዴ? ደግሞ ስልኩን የነካው የለም።

የክሊኒክ_ሰው

አንድ ጥያቄ ይቅደም፦ ከእንቅልፍህ ከነቃህ በኋላ የመጀመሪያዋን በስንት ደቂቃ ውስጥ ታጨሳለህ?

ባዶ_ገጽ

በ15 ደቂቃ ውስጥ።

የክሊኒክ_ሰው

እንግዲያው ጥገኝነቱ ጠንካራ ነው፤ የመድኃኒት ድጋፍ ብትይዝ ይሻላል። በቀን ከሚጨሰው ቁጥር ይልቅ ይቺ ደቂቃ ብዙ ትናገራለች።

ባንዴ ወይስ ቀስ በቀስ ለሚለው፣ እ.ኤ.አ. በ2016 በታተመ የእንግሊዝ ጥናት 697 አጫሾች በዕጣ ለሁለት ተከፍለው ነበር። በአራተኛው ሳምንት ባንዴ ካቆሙት 49 በመቶው፣ በሁለት ሳምንት ውስጥ እየቀነሱ ካቆሙት 39 በመቶው ሳያጨሱ ተገኝተዋል። ቀን ቆርጦ ባንዴ ማቆም ያመዝናል። ቀስ በቀስ እንቁላል በእግሩ መሄዱ ለእርምጃው እንጂ ለሲጋራው አይደለም። የሚቀንስ ሰው የቀሩትን ጠለቅ አድርጎ ይስባቸዋል፤ ቁጥሩ ወርዶ ኒኮቲኑ እዚያው ይሆናል።

የድጋፉ አሠራር፦ በቀን ከ10 በላይ የሚያጨስ ሰው ቆዳ ላይ በሚለጠፈው የኒኮቲን ፓች በ21 ሚሊ ግራም ይጀምራል። የተለመደው 21ን ለስድስት ሳምንት፣ 14ን ለሁለት፣ 7ን ለሁለት ሳምንት ነው። በየቀኑ አዲስ፣ ጸጉር በሌለው ንጹሕና ደረቅ ቆዳ ላይ፣ ቦታ እየለወጡ። ሌሊት ሕልም ካበዛብህ ከመኝታ በፊት አንሳው። ፓቹ ዝግ ብሎ ቀኑን ሙሉ ይሠራል፤ ድንገት ለሚመጣው አምሮት የኒኮቲን ማስቲካ ጨምርበት። ሁለቱን ባንድ ላይ መጠቀም አንዱን ለብቻ ከመጠቀም የተሻለ ውጤት እንዳለው በጥናት ተረጋግጧል። በነቃህ በ30 ደቂቃ ውስጥ ስለምታጨስ ያንተ ማስቲካ ባለ 4 ሚሊ ግራሙ ነው፤ ከዚያ ዘግይቶ ለሚያጨስ ባለ 2ቱ ነው።

ማስቲካው ላይ ሁሉም ይሳሳታል። እንደ ተራ ማስቲካ አይታኘክም። ጥቂት አኝከህ አፍህን ሲያቃጥልህ አቁምና በጉንጭህና በድድህ መካከል አስቀምጠው። ማቃጠሉ ሲጠፋ እንደገና አኝክ። አንዱ ግማሽ ሰዓት ይቆያል። ዝም ብሎ የሚያኝከው ሰው ኒኮቲኑን ይውጠዋል፤ ስቅታና የሆድ ማቃጠል ይይዘውና «አልተስማማኝም» ብሎ ይጥለዋል። ቡና፣ ጭማቂና ለስላሳ መጠጥ ከማስቲካው በፊት ባሉት 15 ደቂቃዎች አትጠጣ፤ አሲዱ ኒኮቲኑ በአፍ ቆዳ እንዳይገባ ያግደዋል። የልብ ሕመም ያለበት፣ ነፍሰ ጡርና በመድኃኒት ላይ ያለ ሰው ግን ሐኪሙን ወይም ፋርማሲስቱን ሳያማክር አይጀምር።

ብዙ ሰው የማያውቀው ሌላ ነገር አለ። የትምባሆ ጭስ ጉበት ካፌንን የሚያስወግድበትን ፍጥነት ይጨምረዋል። ማጨስ ስታቆም ያ ፍጥነት በቀናት ውስጥ ይወርዳል፤ ያው የለመድከው ሦስት ሲኒ ቡና እንደ አምስትና ስድስት ሆኖ ይሰማሃል። እጅ መንቀጥቀጡ፣ ልብ መምታቱ፣ እንቅልፍ ማጣቱ ሁሉ በሲጋራው ይመካኛል። ከማቆሚያው ቀን ጀምሮ ቡናህን በግማሽ ቀንስ። በሐኪም የታዘዙ አንዳንድ መድኃኒቶችም መጠናቸው በዚሁ ምክንያት መስተካከል ሊያስፈልገው ይችላል፤ መድኃኒት የምትወስድ ከሆነ ማቆምህን ለሐኪምህ ንገረው።

የምትጠብቀው፦ ከባዱ ሁለተኛውና ሦስተኛው ቀን ነው። ቁጣ፣ መቁነጥነጥ፣ ሐሳብ መበተን ከሁለት እስከ አራት ሳምንት ይቆያሉ። አንዱ አምሮት ብዙውን ጊዜ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ያልፋል። የ10 ደቂቃ እርምጃ ያስታግሰዋል፤ ስለዚህ እርምጃው ከሲጋራው ቀድሞ ቢጀመር ይረዳሃል። የመነሻ ሰዓቱን ከማቆሚያው አራት ሳምንት በኋላ አድርገው።

ከጥያቄህ ውጭ ቢሆንም ሌሎች የሚያነቡት ስላሉ፦ በየቀኑ ብዙ አልኮል የሚጠጣ ሰው አዲስ ዓመት ብሎ ባንዴ እንዳያቆም። በድንገት ማቆም የሚጥል በሽታ ዓይነት መንቀጥቀጥ ሊያመጣ ይችላል፣ ሕይወትም ይቀጥፋል። እሱ በሐኪም ክትትል ነው።

ከእጅ_የራቀ

ስልኩን ልያዘው። «እቀንሳለሁ» ዕቅድ አይደለም። ስዊድን ውስጥ 1,066 ሰዎች የተሳተፉበትና እ.ኤ.አ. በ2020 የታተመ የአዲስ ዓመት ዕቅድ ጥናት ነበር። ከዓመት በኋላ ተሳክቶልኛል ያሉት፣ የሚጀምሩት ነገር ካቀዱት 58.9 በመቶ፣ የሚተዉት ነገር ካቀዱት 47.1 በመቶ ነበሩ። ለሚተወው ነገር ሁሉ የሚተካ ይኑር። አለበለዚያ አልሸሹም ዞር አሉ ነው፤ አንዱን አፕ ያጠፋ ሰው ማታውን ሌላው ላይ ያገኘዋል።

ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትለውጥ የስልኩን የስክሪን ሰዓት ሪፖርት ብቻ ተመልከት። ስንት ሰዓት ለሚለው ሳይሆን በስንት ሰዓት ላይ ለሚለው። ብዙውን ጊዜ ሁለት ትላልቅ ክምር ይወጣል፤ አልጋ ላይና ከሥራ እንደገቡ። እነዚያን ሁለቱን ብቻ ያዝ፣ ቀኑን ሙሉ ከስልክ ጋር አትታገል።

ለአልጋው፦ ቻርጀሩን ከመኝታ ክፍል አውጣና ሌላ ክፍል ውስጥ በቋሚነት ሰካው። ትራስጌ ላይ መጽሐፉን ተገልብጦ እንደተከፈተ አስቀምጠው፤ ያቺ የንባብ ዕቅድህ መነሻ ትሆናለች። ስልኬ አላርሜ ነው የሚል ይኖራል፤ አላርም ብቻ የሚሠራ ሰዓት ያዝ፣ ወይም ስልኩን በር ላይ አድርገው። ከሥራ ለሚገባበት፦ አፑን አታጥፋው፣ ከአካውንቱ ውጣና የይለፍ ቃሉን ወረቀት ላይ ጽፈህ መሳቢያ ውስጥ አስቀምጠው። የሚያስፈልገው ግድግዳ አይደለም፣ 40 ሰከንድ የሚፈጅ መሰናክል ነው። ኖቲፊኬሽን ከጥሪና ከሰው በቀጥታ ከሚላክ መልእክት በቀር ዝጋ። በአፕ ላይ የሚሞላው የሰዓት ገደብ ብቻውን አይሠራም፤ «ለዛሬ እለፈው» የምትል ቁልፍ አለችው፣ በሳምንት ውስጥ አውራ ጣት ሳያይ ይጫናታል። ከተጠቀምክበት ኮዱን ሌላ ሰው ይሙላው።

ሰኞ_ሰኞ

ከስንዝር ጋር በአብዛኛው እስማማለሁ። መከታተያውን ስላልነካው ግን ልጨምር።

አፕ አልመክርም። አብዛኞቹ የሚቆጥሩት ያልተቋረጠ ተከታታይ ቀን ነው። 23 ላይ የደረሰ ቁጥር አንድ ቀን ቀርቶ ዜሮ ሲል ሰው ከዕቅዱ ጋር አብሮ ይዘጋዋል። አለን ማርላት የተባለው ተመራማሪ ስለ ሱስ ሲያጠና ይህንኑ ነው የገለጸው፦ የሚጥለው የመጀመሪያው መሳሳት ሳይሆን «እንግዲህ አለቀ» የሚለው ትርጉም ነው። አንድ ሲጋራ ያጨሰ ሰው ፓኮውን የሚጨርሰው ለዚያ ነው።

አንድ ወረቀት፣ 7 ዓምድ፣ ለእያንዳንዱ ዕቅድ አንድ መስመር። ጣሪያ ለደረሰ ✓፣ ለወለል ነጥብ፣ ላልተደረገ ባዶ። ነጥብም ✓ም እኩል ይቆጠራሉ። ወረቀቱ መነሻው በሚሆንበት ቦታ ይለጠፍ፣ መሳቢያ ውስጥ አይግባ። በሳምንት ሁለት የመጠባበቂያ ቀን አስቀድመህ ስጥ፤ ግቡ 7 ሆኖ ሁለት ቀን እንዲጎድል አስቀድሞ የተፈቀደለት ሰው የበለጠ እንደሚጸና ማሪሳ ሻሪፍና ሱዛን ሹ በጥናት አሳይተዋል። ለሲጋራው ግን ይህ አይሠራም፤ እሱ መጠባበቂያ የለውም።

በሳምንት አንድ ቀን 10 ደቂቃ ወረቀቱን ተመልከት። ደንቡ አንድ ነው። ከ7 ከ5 በታች የሆነ መስመር ካለ ራስህን አትውቀስ፣ መስመሩን ለውጠው። ባዶዎቹ ባንድ ዓይነት ቀን ከተሰበሰቡ መነሻው ነው የተበላሸው፣ በዚያ ቀን ያ ነገር አይሆንም ማለት ነው። በየቦታው ከተበተኑ መጠኑ ነው የበዛው፣ ወለሉን በግማሽ ቀንስ። ሁለት ሳምንት በተከታታይ 6 ወይም 7 ከሆነ ብቻ ቀጣዩን ዕቅድ ክፈት።

ለሰው መንገር? ለሁሉም አታውራ። ጎልዊትዘርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2009 ባወጡት ሥራ፣ መሆን የምንፈልገውን ነገር ሌሎች ሲያውቁልን ገና ሳንሠራው የሠራነው ያህል እንደሚሰማን አሳይተዋል። አንድ ሰው ምረጥና ቀን ቁረጥለት፦ «ሰኞ ማታ ወረቀቱን ፎቶ አንስቼ እልክልሃለሁ።» ምክር እንዳይሰጥህ ግን አስጠንቅቀው፤ ፎቶውን መቀበል ብቻ ነው ሥራው።

ባዶ_ገጽ

የሁላችሁንም አሰባስቤ እንዲህ አወጣሁት፤ ስህተት ካለ ንገሩኝ።

ከዛሬ ጀምሮ ሦስት ሳምንት፦ ቁልፌን ጠረጴዛ ላይ እንዳስቀመጥኩ የ10 ደቂቃ እርምጃ። በመጀመሪያው ሳምንት የስክሪን ሰዓቱን ማየት፣ በሁለተኛው ቻርጀሩን ማውጣትና መጽሐፉን ትራስጌ ማድረግ (ወለል 1 ገጽ፣ ጣሪያ 20)። የአዲስ ዓመት ዕለት፦ ሲጋራ ማቆም፣ 21 ሚሊ ግራም ፓችና ባለ 4 ማስቲካ፣ ቡና በግማሽ። ከአራት ሳምንት በኋላ፦ መነሻ ሰዓቱን በየአራት ቀኑ 15 ደቂቃ። የማታ ሰዓቴን ስቆጥረው 11 ስለማይሆን ግቡን 12 ሰዓት አድርጌዋለሁ።

ንጋት_ላይ

12 ከሆነ 90 ደቂቃ፣ 6 እርከን፣ 24 ቀን ነው። አራት አራት ቀን መሆኑ ጥሩ ነው። ቅዳሜን ብቻ ጠብቃት።

ስንዝር

እርምጃውን ቁልፍህን ጠረጴዛ ላይ ካስቀመጥክ በኋላ ካደረግከው እንደገና ቤት ቆልፈህ መውጣት አለብህ። በዝናብና በድካም ቀን ያቺ ብቻ ታስቀርሃለች። መነሻውን በር ላይ ሳትደርስ አድርገው፦ «ከትራንስፖርት እንደወረድኩ» በል፣ የ10 ደቂቃውን ዙር ሄደህ ግባ። ጫማው ለዚያ የሚሆን ይሁን።

የክሊኒክ_ሰው

ዕቅዱ ጥሩ ነው፤ አንድ ነገር ብቻ ቀይር። የአዲስ ዓመት ዕለት አታቁም። ሰው የሚሰበሰብበት፣ የሚጠጣበት፣ የሚጨስበት ቀን ነው። ከባዱ ሁለተኛና ሦስተኛ ቀንም ገና እረፍት ላይ ሆነህ፣ ሥራ ፈተህ በተቀመጥክበት ይውልብሃል። ወደ መደበኛ ሥራ በምትመለስበት የመጀመሪያ ቀን አድርገው። የመጀመሪያዋ ሲጋራህ በ15 ደቂቃ ውስጥ ስለሆነች ፓቹን ማታ ሳይሆን እንደነቃህ ከአልጋ ሳትወርድ ለጥፈው፤ ለመሥራት ሰዓታት ስለሚፈጅበት ለዚያች ጠዋት አንድ ማስቲካ አብረህ አዘጋጅ። ሁለቱንም ከሳምንት በፊት ገዝተህ ትራስጌ አስቀምጥ። መተርኮሻውንና ክብሪቱን በዋዜማው ማታ ከቤት አውጣ። የተረፈ ፓኮ ካለ ለሌላ አጫሽ አትስጠው፣ ውሃ አፍስበትና ጣለው።